መጀመሪያ ቪዲዮውን አቅልሉ፣ ሲዲኤኑ ከዚያ ይምጣ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ለልጆች ፊደልና ንባብ የሚያስተምር ድረ-ገጽ አለን። 300 የሚጠጉ ቪዲዮዎች አሉት። እያንዳንዱ 6 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በ1080 ጥራት ስለሆነ አንዱ ፋይል 225 ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል። ግማሹ ተመልካች አዲስ አበባ፣ ሪያድና ዱባይ ነው። ሌላው ግማሽ ዋሽንግተን አካባቢና አውሮፓ ነው። ሰርቨሩን ፍራንክፈርት ከሚገኝ አንድ ትልቅ የክላውድ ድርጅት ተከራይተናል። ባለፈው ወር 8 ቴራባይት ወጣና ለዳታ ብቻ 720 ዶላር ከፈልን። አዲስ አበባ ያሉ ወላጆች ደግሞ ቪዲዮው ይቆራረጣል ይሉናል። አንዱ ጓደኛችን ‹ሲዲኤን ግቡ፣ ነፃ ነው፣ ፍጥነቱም ይስተካከላል› አለን። ሌላው ‹አዲስ አበባ አንድ፣ ዋሽንግተን አንድ የራሳችሁን ሰርቨር ትከሉ› ይላል። የቱን እንስማ?»

የሁለቱንም ምክር እንዳለ አትውሰዱት። ሲዲኤን፣ ማለትም የፋይላችሁን ቅጂ በየከተማው አስቀምጦ ከቅርብ የሚያቀብል አገልግሎት፣ ያስፈልጋችኋል። ግን አዲስ አበባ ላይ ያለውን መቆራረጥ ብቻውን አይፈታውም፤ «ነፃ» የሚለውም ቃል ቅድመ ሁኔታ አለው። የራስን ሰርቨር መትከል ደግሞ አሁን ባላችሁበት መጠን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ከሁሉም በፊት መነካት ያለበት ሁለቱም ጓደኞቻችሁ ያላነሱት ነገር ነው፦ የቪዲዮዎቹ ክብደት።

ከቢሉ ልጀምር። 8,000 ጊጋባይት በ9 የአሜሪካ ሳንቲም ሲባዛ 720 ዶላር ይመጣል። 9 ሳንቲም ትልልቆቹ የክላውድ ድርጅቶች አንድ ጊጋባይት ከግቢያቸው ሲወጣ የሚያስከፍሉት የተለመደ ዋጋ ነው። ዳታ ሲገባ አይከፈልም፣ ሲወጣ ነው የሚከፈለው። ብዙ ሰው ይህን ዋጋ የኢንተርኔቱ ትክክለኛ ወጪ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። በጅምላ ገበያ ባንድዊድዝ (የመስመር አቅም) የሚሸጠው በጊጋባይት አይደለም፣ በሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ 8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው። አቅራቢው በየ5 ደቂቃው ስንት እንዳለፈ ይለካል። ወሩ ሲያልቅ ከፍተኛዎቹን 5 በመቶ ልኬቶች ይጥልና ከቀሩት በትልቁ ያስከፍላል። አንድ ሜጋቢት በሰከንድ ወሩን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢፈስ 324 ጊጋባይት ያሻግራል። ይህን በ9 ሳንቲም ስታባዙት 29 ዶላር ከ16 ሳንቲም ነው። እንደ ፍራንክፈርት ባለ ትልቅ የመገናኛ ከተማ በብዛት ለሚገዛ ሰው ያው አንድ ሜጋቢት በወር ከአንድ ዶላር በታች ያወጣል። እርግጥ ማንም መስመሩን ሌት ተቀን ሞልቶ አይጠቀምም፤ ማታ ይጨናነቃል፣ ሌሊት ባዶ ይሆናል። ይህን ብንቀንስ እንኳ በመሃል ያለው ልዩነት የኬብል ወጪ አይደለም። ትርፍ ነው። ዕቃችሁን ይዛችሁ እንዳትወጡ በር ላይ የተቀመጠ ክፍያም ነው። ሲዲኤኖች ረክሰው መሸጥ የሚችሉት በዚህ ክፍተት ነው። በጅምላ ይገዛሉ፣ ከቴሌኮሞች ጋር በየመገናኛው በቀጥታ ይያያዛሉ፣ አንዱን መስመር በብዙ ሺህ ደንበኞች ትራፊክ ይሞሉታል።

አሁን ወደ ክብደቱ። 225 ሜጋባይት ለአንድ የ«ሀ ሁ» ትምህርት! ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ እጅና አንድ እስክሪብቶ ለሚያሳይ ምስል ይህ ከሚያስፈልገው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይንቀሳቀስ ቢጨመቅም ዓይን ልዩነቱን አይለየውም። ያንኑ 6 ደቂቃ በ480 ጥራትና በ800 ኪሎቢት በሰከንድ ብታዘጋጁት 36 ሜጋባይት ይሆናል። በስልክ ለሚያይ ልጅ ይህ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ያለችው እናት ያን 225 ሜጋባይት የምትከፍለው ከገዛችው ፓኬጅ ላይ መሆኑን አትርሱ። ልጇ አንዱን ፊደል ሦስት ጊዜ ደግሞ ማየት ቢፈልግ የሳምንት ዳታዋ እያለቀ ነው። ለእኔ ይህ ከእናንተ ቢል ይበልጣል።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቪዲዮ በሦስት ጥራት አዘጋጁ፦ 360፣ 480 እና 720። ኤችኤልኤስ በሚባለው አሠራር የጥቂት ሰከንድ ቁራጮች አድርጋችሁ ክፈሉት። ማጫወቻው የተመልካቹን መስመር እያየ የሚችለውን ይመርጣል። መስመሩ ሲደክም ጥራቱ ይወርዳል እንጂ ቪዲዮው ቆሞ አይሽከረከርም። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነፃ መሣሪያ ሥራውን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ይጨርሰዋል። በዚህ ብቻ አማካይ ክብደቱ ወደ ሲሶ ቢወርድ ገና ምንም ሲዲኤን ሳትነኩ 720 ዶላሩ 240 ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ የሚሰማው መቆራረጥም አብዛኛው እዚሁ ያልቃል። እንደ አሁኑ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የሚጠይቅ ቪዲዮ 2 ሜጋቢት በሚያመጣ የሞባይል ኮኔክሽን ላይ ይቆራረጣል፤ ፋይሉ ከጎረቤት ግቢ ቢመጣም ይቆራረጣል።

ታዲያ ሲዲኤን ምን ይሠራል? የሰፈር ሱቅን አስቡ። ዋናው ሰርቨራችሁ መርካቶ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር የፈለገ ሁሉ መርካቶ አይሄድም፤ ባለሱቁ ቀድሞ አምጥቶ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦታል። ሲዲኤንም የፋይላችሁን ቅጂ በየከተማው ባሉ ጣቢያዎቹ ያስቀምጣል። ተመልካቹ ሲጠይቅ ከቅርቡ ጣቢያ ይሰጠዋል። ቅጂው ከተገኘ «ሂት» ይባላል፣ ካልተገኘ «ሚስ»። ሐሳቡን በትልቅ ንግድ መልክ ካስጀመሩት አንዱ አካማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጡት ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን መሠረቱት። ከእነሱ ትልቁ አስተዋፅኦ የትኛው ፋይል በየትኛው ማሽን ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስን ሒሳብ ነው፤ አንድ ማሽን ቢወድቅ ሁሉም ነገር አይበታተንም። ሌዊን እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በተጠለፈው የመጀመሪያው አውሮፕላን ውስጥ ነበር፤ 31 ዓመቱ ነበር።

ከሱቁ ምሳሌ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ባለሱቅ የማይሸጥ ዕቃ መደርደሪያው ላይ አያቆይም። የሲዲኤን ጣቢያም እንዲሁ ነው። መደርደሪያውን ከብዙ ሺህ ሌሎች ደንበኞች ጋር ነው የምትጋሩት። ብዙ ጊዜ ያልተጠየቀ ፋይል ተነስቶ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የመጀመሪያው የ«ሀ» ትምህርት ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ ይቆያል። የ«ቈ» እና የ«ኰ» ትምህርት ግን በቀን ሁለት ልጅ ቢያየው ነው፤ ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ቅጂው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው እንደገና እስከ ፍራንክፈርት ይሄዳል። ትንሽ ተመልካች በብዙ ከተማ የተበተነበት ድረ-ገጽ «ሲዲኤን ገብተን ለውጥ አላየንም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው መካከለኛ መጋዘን ነው። ኦሪጅን ሺልድ ይሉታል። የየከተማው ጣቢያ ያጣውን መጀመሪያ ከዚህ መጋዘን ይጠይቃል። አብሩት። የጥራት ዓይነቶቹን ሦስት ብቻ አድርጉ ያልኩትም አንድም ለዚህ ነው፤ ስድስት ዓይነት ብታደርጉ ያው ትንሽ ተመልካች በስድስት ይከፈላል።

የሂቱ መጠን ቢሉንም ይወስነዋል። 90 በመቶው ከመደርደሪያ ቢገኝ ከ8,000 ጊጋባይት 800ው ከዋናው ሰርቨር ይወጣል። 95 ቢደርስ 400 ብቻ ይወጣል። አምስት በመቶ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ የዋናው ሰርቨር ክፍያ ግን በግማሽ ወርዷል። ልብ በሉ፣ ሲዲኤኑ ከዋናው ሰርቨር በሳበ ቁጥር ያንን የ9 ሳንቲም መውጫ ትከፍላላችሁ። ሲዲኤኑም የራሱን ያስከፍላችኋል። ሁለት ጊዜ መክፈል ይህ ነው።

ሂቱን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የራስ ስህተት ነው። አንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ድረ-ገጽ «ሲዲኤናችን አይሠራም» ብለው ጠሩኝ። ሎጉን (የጥያቄዎቹን መዝገብ) ከፍቼ ሳይ በእያንዳንዱ የቪዲዮ ሊንክ ጫፍ የተማሪው መለያ ቁጥር ተለጥፏል። ለሲዲኤኑ እያንዳንዱ ሊንክ የተለየ ፋይል ነው። ያው አንድ ቪዲዮ በሺህ ስም ይቀመጥ ነበር፤ አንዱም ቅጂ ሁለተኛ ሰው አይደርሰውም። ከሊንኩ ላይ ያን ቁጥር ችላ እንዲል ሲነገረው በዚያው ቀን ተስተካከለ። ሊንካችሁን እዩት።

ወደ ርቀት ልምጣ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ መስመር አይሄድም። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ይወጣል፤ አንዱ ትልቁ መውጫ ጅቡቲ ነው። እዚያ ከሚደርሱት የባሕር ኬብሎች ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን ያቋርጣሉ፤ በ2024 መጀመሪያ ሲኮምን፣ ኢአይጂንና ኤኤኢ-1ን ጨምሮ ኬብሎች ተጎድተው ነበር። አንድ ገጽ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማሳየቱ በፊት ብዙ ጊዜ ሦስት ደርሶ መልስ ያስፈልገዋል፦ ለግንኙነቱ፣ ለምስጠራው፣ ለጥያቄው። ገጹ ሲከፈት የሚሰማው መጎተት ከዚህ ነው። አንዴ መጫወት የጀመረ ቪዲዮ ግን ቀድሞ ስለሚጭን ለርቀት ያን ያህል አይጨነቅም።

በካርታ ቅርብ የሆነ ጣቢያ በኬብል ቅርብ ላይሆን ይችላል። ሲዲኤኑ ናይሮቢ ወይም ጅቡቲ ላይ ጣቢያ አለኝ ማለቱ የአዲስ አበባ ጥያቄ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። የሚወስነው የቴሌኮሙ ውል ነው፤ አንዳንዱ ጥያቄ ጎረቤቱን አልፎ አውሮፓ ይደርሳል። ይህን በግምት አትተዉት፣ ለኩት። ላፕቶፕ በስልክ ሆትስፖት አገናኙ። ብሮውዘሩ ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ክፈቱና «ኔትዎርክ» የሚለውን ጫኑ። አንዱን የቪዲዮ ቁራጭ ምረጡና የመልሱን ሄደር (ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን መግለጫ) አንብቡ። ከሲዲኤኖቹ ክላውድፍሌርና የአማዞኑ ክላውድፍሮንት ጣቢያውን በሦስት ፊደል ይጽፋሉ። የአየር ማረፊያ ኮድ ነው፤ ቦሌ ላይ ሻንጣችሁ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። እዚያው «ሂት» ወይም «ሚስ» የሚለውም አለ። አንድ ጊዜ በኢትዮ ቴሌኮም ሲም፣ አንድ ጊዜ በሳፋሪኮም ሲም ሞክሩት። የሁለቱ መንገድ አንድ ነው ብላችሁ አታስቡ።

የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ዋጋ ለምን እንደሚለይ ካላወቃችሁ ቢሉ ያስደነግጣችኋል። ባኒ የተባለው የስሎቬንያ ሲዲኤን በመደበኛ ዋጋው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለጊጋባይት 1 ሳንቲም፣ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ 6 ሳንቲም ያስከፍላል። የክላውድፍሮንት መደበኛ ዋጋ በቅደም ተከተል ከ8.5 እና ከ11 ሳንቲም ይጀምራል። ምክንያቱ ዓለም አቀፍ መስመሩ ውድ፣ ተወዳዳሪው ጥቂት፣ ትራፊኩም ገና ትንሽ መሆኑ ነው። የእናንተን 8 ቴራባይት በባኒ ዋጋ ብናሰላው ግማሹ 40 ዶላር፣ ሌላው ግማሽ 240፣ በድምሩ 280 ነው። ቪዲዮው ወደ ሲሶ ከቀለለ በኋላ ግን ከ95 ዶላር በታች ነው። ይህም ጣሪያው ነው። የሚቆጠረው ተመልካቹ ያለበት አገር አይደለም፣ ፋይሉ የወጣበት ጣቢያ ነው፤ የአዲስ አበባው ጥያቄ አውሮፓ ከተመለሰ በ1 ሳንቲም ነው።

«ታዲያ ዩቲዩብ ለምን አይቆራረጥም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ጉግልና ኔትፍሊክስ የራሳቸውን ማሽን ቴሌኮሞች ግቢ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ኔትፍሊክስ ይህን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማሽኑን በነፃ እየሰጠ ይሠራል። ቴሌኮሙ ቦታና መብራት ይሰጣል፤ በምላሹ ያንኑ ቪዲዮ ሚሊዮን ጊዜ በባሕር ኬብል ከማስመጣት ይድናል። ሁለቱም ይጠቀማሉ። ይህ ውል የሚሠራው ግን ትራፊኩ ግዙፍ ሲሆን ነው። የእናንተ 8 ቴራባይት በወሩ ሲከፈል በአማካይ 25 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነው፤ ከመላው ዓለም ተመልካቾቻችሁ ጋር ማለት ነው። አንድ ቤት የሚያስገባው የፋይበር መስመር ሊሸከመው የሚችል መጠን ነው።

የራሳችሁን ሰርቨር ትከሉ የሚለው ምክር የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል፤ ማሽን ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ዲስክ ሲበላሽ በሌሊት ማን ይሄዳል? አንዱ ማሽን ሲወድቅ ማን ይተካዋል? ሪያድና ዱባይስ? ለ25 ሜጋቢት ይህን ሁሉ መሸከም የለባችሁም። የአዲስ አበባው ትራፊክ ብቻውን ብዙ መቶ ሜጋቢት ሲደርስ እንደገና እንነጋገራለን።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ቪዲዮዎቹን ካቀለላችሁ በኋላ ከፍራንክፈርቱ ክላውድ አውጧቸውና የመውጫ ክፍያ ወደሌለው ማከማቻ አዛውሯቸው። የክላውድፍሌሩ ማከማቻ አርቱ (R2) ለአንድ ጊጋባይት በወር 1.5 ሳንቲም ነው፤ ሲወጣ አያስከፍልም። አሁን ያሉት 300 ከባድ ፋይሎች እንኳ 68 ጊጋባይት አይሞሉም፤ ማከማቻው በወር አንድ ዶላር ገደማ ነው። ከፊቱ የዚያኑ ኩባንያ ሲዲኤን አድርጉ። ጓደኛችሁ ነፃ ያለው ይህን ከሆነ ከግማሽ በላይ ልክ ነው። ያልነገራችሁ ግን አለ። የክላውድፍሌር ውል ለተራ ደንበኛ ገጽና ሥዕል በነፃ ያሳልፋል፤ ቪዲዮ ግን በራሱ ማከማቻ ወይም በቪዲዮ አገልግሎቱ ውስጥ ካልተቀመጠ አይፈቅድም። ፍራንክፈርት ያለውን ቪዲዮ ዝም ብላችሁ ብታሳልፉበት ሊያቋርጥባችሁ ይችላል። ሌላው፣ መስመር ውድ በሆነበት አካባቢ የነፃ ደንበኛ ጥያቄ ወደ ሩቅ ጣቢያ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ አንድ ወር ሞክሩና በሁለቱም ሲም ለኩ። የአዲስ አበባ ወላጆች ቪዲዮው ይሄዳል ካሉ በዚሁ ቆዩ። ካልሄደ በጊጋባይት የሚከፈልበትን ሲዲኤን ከፊቱ አስቀምጡ፤ ከላይ ያሰላነው ጣሪያ አለላችሁ። ለሁሉም ክፍት የሆኑትን ትምህርቶች ዩቲዩብም ላይ «ለልጆች የተሠራ» ብላችሁ ጫኑ። ከጎኑ ምን እንደሚመጣ ግን አትቆጣጠሩትም። ስለዚህ ተጨማሪ በር ይሁን እንጂ ዋናው ቤት አይሁን።

ጥቂት ነገሮች ላይ ተጠንቀቁ። ተማሪው በራሱ ስም ገብቶ የሚያየውን ገጽ ሲዲኤኑ በጭራሽ እንዳያስቀምጥ አድርጉ፤ አለበለዚያ የአንዱን ልጅ ገጽ ሌላው ያየዋል። ስህተት ያለበት ቪዲዮ ስታርሙ የድሮውን ስም አትጠቀሙ። «ጸ» እና «ፀ» ተቀያይረው የነበሩበት ትምህርት ታርሞም ሪያድ ያለ ልጅ የድሮውን ቅጂ ለቀናት ሊያይ ይችላል፤ አዲስ የፋይል ስም ይህን ያጠፋዋል። ሌላ ድረ-ገጽ ቪዲዮአችሁን ጠልፎ እንዳያሳይና ቢሉ እናንተ ላይ እንዳይመጣ መከላከያውን አብሩ፤ ወርሃዊ ጣሪያም አስቀምጡ። በዶላር የሚመጣ ቢል ሲያመልጥ ለመመለስ ከባድ ነው።

ሲዲኤኖች ይወድቃሉ፣ ይከስራሉም። ሰኔ 8 ቀን 2021 ፋስትሊ የተባለው ሲዲኤን ላይ አንድ ደንበኛ ሴቲንግ ሲቀይር የተደበቀ ስህተት ተቀሰቀሰና ብዙ ታላላቅ የዜና ድረ-ገጾች ጠፉ፤ 95 በመቶው የተመለሰው በ49 ደቂቃ ውስጥ ነው። ክላውድፍሌርም ኅዳር 18 ቀን 2025 ለሰዓታት ተቸግሯል። ኤጂዮ የሚባለው ትልቅ ሲዲኤን መስከረም 2024 ኪሳራ አውጆ በቀጣዩ ጥር ኔትዎርኩን ዘጋ። እነዚህ ሁሉ ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእናንተ መጠን ሁለት ሲዲኤን አብሮ ማስኬድ አያስፈልግም። ግን ዶሜይኑ (የድረ-ገጹ አድራሻ) በራሳችሁ ስም ይመዝገብ። የቪዲዮ ሊንኮቹ በራሳችሁ ዶሜይን ሥር ይሁኑ፤ ሲዲኤን ስትቀይሩ የዶሜይኑን አንድ ሴቲንግ ብቻ ነው የምታስተካክሉት። ዋናዎቹ ፋይሎች በሃርድ ዲስክ አንድ ቅጂ፣ በሌላ ድርጅት ማከማቻ አንድ ቅጂ ይኑራቸው።

ከተመልካቾቻችሁ መካከል ትምህርት ቤቶች ካሉ ለእነሱ ኢንተርኔት አትላኩ። 300ው ቪዲዮ በ480 ጥራት 11 ጊጋባይት አይሞላም። 16 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ ስጧቸው፤ አዲስ ትምህርት ሲጨመር በወር አንድ ጊዜ ያድሱት።